ርካሹ ክኒን አቅመ ደካማውን ብዙ ያስከፍላል

ከነቀምቴ እስከ ደምቢ ዶሎ የአረጋውያን የመድኃኒት ገበያ ምን ይመስላል?

ነቀምቴ በገበያው ዓለም የታወቀችው በቡናዋ ነው። የውጭ ገዢዎች ዛሬም ድረስ በዱሮ ስሟ «ለቀምት» እያሉ የሚጠሩት ቡና ስሙን ያገኘው ከዚችው ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 75,219 ነዋሪዎች ነበሯት፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰፍታለች። የምሥራቅ ወለጋ መቀመጫና የጊምቢ፣ የበደሌ፣ የቡሬና የአዲስ አበባ መንገዶች መገናኛ በመሆኗም ከቡናው ሌላ ቅቤው፣ ማሩ፣ በርበሬውና አንጮቴው ይገበይባታል። የዛሬው ጽሑፋችን የሚመለከተው ግን የዋጋ ዝርዝር የማይወጣለትን፣ ሁሉም ቤት ግን የሚገባውን ሌላ ሸቀጥ ነው። እሱም መድኃኒት ነው።

በገበያ ቀን ቅቤውን ወይም ዶሮውን ሸጦ፣ ጨውና ሳሙናውን ገዝቶ የሚመለስ የገጠር ሰው ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ወደ መድኃኒት መደብር ጎራ ማለቱ የተለመደ ነው። የሚገዛው ግን ብዙ ጊዜ ለራሱ አይደለም። ለአባቱ የቁርጥማት፣ ለእናቱ የደም ግፊት፣ ለአያቱ ደግሞ «ባለፈው የወሰድነው ነጩ ክኒን» ነው። ማዘዣው አንዳንዴ ይያዛል፤ አንዳንዴም ባዶው ስትሪፕ ከኪስ ወጥቶ «ይህን የመሰለ» ይባላል።

ይህ ገበያ ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ። ቅቤ የሚገዛ ሰው አሽትቶ፣ ቀምሶ ይገዛል። የመድኃኒት ገዢ ግን ዕቃውን መርምሮ የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ሁሉን ነገር ለሻጩ ትቶ ይከፍላል። ሻጩም በበኩሉ ክኒኑንና ብሩን እንጂ ክኒኑን የሚውጠውን ሰው አያይም። ገዢው ሌላ፣ ዋጪው ሌላ ነው። ዋጪው ብርቱ ጎልማሳ ከሆነ የሚደርሰው ጉዳት ያን ያህል ላይሆን ይችላል። ሰማንያ ዓመት የተቃረቡ፣ ክብደታቸው ከ45 ኪሎ የወረደ፣ በቀን አንዴ ብቻ እህል የሚቀምሱ አዛውንት ከሆኑ ግን ያው ክኒን፣ በያው መጠን፣ ሌላ ነገር ይሆናል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

አቅመ ደካማ ማን ነው?

በቀበሌ ቋንቋ «አቅመ ደካማ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ድሃ፣ ጧሪ የሌለው ማለት ነው። የሕክምና ሰዎች የሚሉት የአቅም መድከም ግን የኪስ ሳይሆን የአካል ጉዳይ ነው። ሊንዳ ፍሪድ የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ይህን ሁኔታ በአምስት ምልክቶች ለይተው አስቀምጠውታል። እነሱም ሳይፈልጉ በአንድ ዓመት ውስጥ 4.5 ኪሎ ያህል መክሳት፣ ያለማቋረጥ መዛል፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ የእርምጃ መዘግየትና የእንቅስቃሴ ማነስ ናቸው። ከአምስቱ ሦስቱ የታዩበት ሰው አቅሙ ደክሟል ይባላል። አንድ ወይም ሁለት የታየበት ደግሞ ወደዚያው እያመራ ነው።

ይህን ለማወቅ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ያስፈለገው፣ ከበርጩማ ለመነሣት ሁለት እጁን የሚደገፍ፣ የማሰሮ ክዳን መክፈት ያቃተው፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለመድረስ በመንገድ ላይ ሁለቴ የሚያርፍ ሰው ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። «አርጅቷል» ተብሎ ይታለፋል እንጂ።

ዕድሜና የአቅም መድከም ግን አንድ አይደሉም። በሰማንያ ዓመታቸው ማሳ ወርደው የሚኮተኩቱ አሉ። በስልሳ አምስት ዓመታቸው ደግሞ ከደጅ የማይወጡ አሉ። ስለዚህ ለመድኃኒት ሻጩ «ሰውዬው ስንት ዓመታቸው ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን በቂ መልስ አይሰጠውም። «እንዴት ይራመዳሉ? ከስተዋል ወይ? ምን ይበላሉ?» የሚሉት የበለጠ ይነግሩታል።

ሚዛኑ የሚዛነፍበት ቦታ

የተዋጠ መድኃኒት ከሰውነት የሚወጣው በአብዛኛው በኩላሊትና በጉበት ነው። ኩላሊት ከዕድሜ ጋር ይደክማል። ደካማነቱ ግን በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ሁልጊዜ አይታይም። ኩላሊት የሚመረመርበት ክሬአቲኒን የተባለው ንጥረ ነገር የሚመነጨው ከጡንቻ በመሆኑ፣ ጡንቻው የመነመነ ሰው ኩላሊቱ ቢደክምም ውጤቱ «ደህና» ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ኮክሮፍትና ጎልት የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1976 ካናዳ ውስጥ ያወጡትን ቀመር እንውሰድ። ከ140 ላይ የሰውዬው ዕድሜ ይቀነሳል፣ በኪሎው ይባዛል፣ ከዚያም በ72 እና በክሬአቲኒኑ ብዜት ይካፈላል። ክሬአቲኒኑ 1 የሆነ፣ 60 ኪሎ የሚመዝን የ30 ዓመት ጎልማሳ በዚህ ሂሳብ ኩላሊቱ በደቂቃ 92 ሚሊ ሊትር ገደማ ያጣራል። ያው ክሬአቲኒን 1 የሆነላቸው፣ 42 ኪሎ የሚመዝኑ የ76 ዓመት አዛውንት ግን የሚያጣሩት 37 ብቻ ነው። ለሴት ከዚህ ላይ ደግሞ ከመቶ 15 ይቀነሳል። የላቦራቶሪው ወረቀት አንድ ዓይነት ነው፤ በአዛውንቱ ሰውነት ውስጥ የሚቀረው መድኃኒት ግን ሌላ ነው። ሂሳቡን ለመሥራት የሚያስፈልገው የገበያ ሚዛንና እርሳስ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ክብደት ሳይመዘን የሚታዘዘው መድኃኒት ብዙ ነው።

ሌላው ስብና ውኃ ነው። ሰው ሲያረጅ የሰውነቱ ውኃ ይቀንሳል፤ ከጡንቻው ጋር ሲነጻጸርም የስቡ ድርሻ ይጨምራል። በስብ ውስጥ የሚደበቁ መድኃኒቶች ቶሎ አይወጡም። «ቫሊየም» በሚለው የንግድ ስሙ የታወቀው ዲያዜፓም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በ20 ዓመት ወጣት ላይ 20 ሰዓት ያህል ሲወስድ፣ በ80 ዓመት አዛውንት ላይ ወደ 90 ሰዓት ሊጠጋ እንደሚችል ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይታወቃል። ሰኞ ማታ ለእንቅልፍ የተዋጠች ክኒን ሐሙስም አልለቀቀችም ማለት ነው። ማክሰኞ ሌላ ከተጨመረች ደግሞ በላይዋ ላይ ትደረባለች።

በመደርደሪያው ላይ ተፈላጊ የሆኑት

በወለጋ ከተሞች እንደሌላው የሀገራችን ክፍል ሁሉ መድኃኒት በየደረጃው ይሸጣል። ፋርማሲ አለ፣ የመድኃኒት መደብር አለ፣ ራቅ ባለው ቦታም የገጠር መድኃኒት ቤት አለ። ፋርማሲውን ፋርማሲስት፣ መደብሩን ድራጊስት ይመራዋል። ከእነዚህ ሌላ የመንግሥት ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች፣ በጊምቢ የአድቬንቲስት፣ በአይራ የመካነ ኢየሱስ ሆስፒታሎች አሉ። በሁሉም ዘንድ ለአረጋውያን ከሚፈለጉት መካከል አራት ዓይነቶችን ብቻ እንይ።

የመጀመሪያው የስኳር ክኒን የሆነው ግሊቤንክላማይድ ነው። ዋጋው ከብዙዎቹ ይረክሳል፤ በየቦታው ይገኛል። ይሁንና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩን ሲያሻሽል ግሊክላዛይድ የተባለውን አስገብቶ፣ ግሊቤንክላማይድ ከ60 ዓመት በላይ ለሆናቸው እንደማይስማማ ማስታወሻ አስቀምጧል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ይቆያል፣ ትርፍራፊውም በኩላሊት በኩል ስለሚወጣ ኩላሊት ሲደክም ይከማቻል። ክኒኑን ማለዳ ውጠው፣ ቁርስ ሳይበሉ ገበያ ለመድረስ ሁለት ሰዓት በእግር የሚጓዙ አዛውንት ስኳራቸው መንገድ ላይ ሊወርድ ይችላል። በጾም ወራትም እንደዚሁ ነው። በአረጋውያን ላይ የስኳር መውረድ ላብና መንቀጥቀጥ ሳያሳይ በመቀባዠርና በመንገዳገድ ሊጀምር ስለሚችል «ጠጥተው ነው»፣ «ጃጅተው ነው»፣ አለያም «ክፉ መንፈስ ነው» ይባላል። በስኳር ውኃ ቢነቁም እንኳ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ሊወርድ ስለሚችል ሆስፒታል ወስዶ ማሳየት ግድ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም መጨመር አይገባም፤ ትን ይለዋል።

ሁለተኛው የቁርጥማት መድኃኒት ነው። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ጨጓራን ያደማሉ፣ የደም ግፊት ይጨምራሉ፣ ኩላሊት ይጫናሉ። በተለይ ኢናላፕሪል ከሚባለው የግፊት መድኃኒትና ሽንት ከሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ላዚክስ ጋር ሲደረቡ፣ ሦስቱ ተባብረው የደከመን ኩላሊት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያቆሙት ይችላሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፤ እዚህ ላይ የሚታሰረው ግን የገዛ ኩላሊት ነው። አዛውንቱ ተቅማጥ ይዟቸው ከሆነ፣ ወይም ኮሶ ጠጥተው ውኃቸው አልቆ ከሆነ አደጋው ይብሳል። ቶሎ ቀለል የሚያደርገው ዴክሳሜታዞን ደግሞ ሲዘወተር ስኳርና ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የጭን ጡንቻ ያመነምናል። አቅም ይመልሳል ተብሎ የተገዛው አቅም ይወስዳል ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቆይቶ በድንገት ማቆሙም አደገኛ ነው።

ሦስተኛው የእንቅልፍ ነው። ከዲያዜፓም ሌላ ለጉንፋንና ለማሳከክ የሚሸጡት ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን አረጋውያንን ያፈዝዛሉ፣ ሽንት ይይዛሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ። እዚህ ላይ ከባሕር ማዶ የሚመጣውንም መጥቀስ ይገባል። በአሜሪካ በተለይም በሚኒሶታ ብዙ የወለጋ ተወላጆች ስለሚኖሩ፣ በሻንጣ ለወላጅ የሚላከው ክኒን ብዙ ነው። «ታይሌኖል ፒኤም» እና «አድቪል ፒኤም» የሚባሉት ከሕመም ማስታገሻው ጋር ዳይፌንሃይድራሚን የተባለ እንቅልፍ አምጪ አላቸው። ይኸው መድኃኒት አሜሪካኖቹ ራሳቸው አረጋውያን እንዲርቁት ካሉት ውስጥ ነው። ማርክ ቢርስ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመሩት፣ የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር በየጊዜው እያደሰ እ.ኤ.አ. በ2023 እንደገና ያወጣው የ«ቢርስ» ዝርዝር ላይ በስሙ ሰፍሯል። ልጅ በፍቅር የላከው ዕቃ እናትን ሌሊት ሲነሡ ሊጥላቸው ይችላል።

አራተኛው የደም ግፊት ነው። የግፊት መድኃኒት ዕድሜ ያራዝማል፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ግፊቱ የሚለካው ተቀምጦ ብቻ ነው። አቅሙ የደከመ ሰው ሲቆም ግፊቱ ሊወርድበት ይችላል። ከተነሣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ምልክት ነው። አዛውንት ከአልጋ ሲነሡ «ዓይኔን ጨለመኝ» ካሉ ነገሩ የእርጅና ብቻ ላይሆን ይችላል።

ዕዳ በዕዳ

ነጋዴ አንባቢያችን ዕዳን በዕዳ መክፈል ምን እንደሚያስከትል ያውቃል። በመድኃኒትም ይኸው አለ። አንድ አዛውንት ለግፊት ኒፌዲፒን ወይም አምሎዲፒን ታዘዘላቸው እንበል። መድኃኒቱ እግራቸውን አሳበጠው። እብጠቱ እንደ አዲስ በሽታ ተቆጥሮ ላዚክስ ተጨመረ። ላዚክሱ ሌሊት ሦስት ጊዜ አስነሣቸው፣ ፖታሲየማቸውንም አሟጠጠ። እንቅልፍ ስላጡ ዲያዜፓም ተገዛ። በሌሊቱ ጨለማ፣ በደከመ እግርና በፈዘዘ አእምሮ ወደ ደጅ ሲወጡ ወደቁ። የመጀመሪያው ክኒን ተለውጦ ቢሆን ኖሮ ሌሎቹ ሁለቱ አይገዙም ነበር።

ቁጥሩን ብቻ ብናይ፣ ሁለት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሊጋጩ የሚችሉ አንድ ጥንድ መድኃኒቶች አሉት። አምስት የሚወስድ 10 ጥንድ፣ ሰባት የሚወስድ 21 ጥንድ አለው። ሁሉም ይጋጫሉ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ማን ይቆጥራቸዋል? በጎንደር፣ በመቀሌ፣ በደሴና በሻሸመኔ ሆስፒታሎች የአረጋውያንን መድኃኒት አጠቃቀም የመረመሩ ጥናቶች ባለፉት ዓመታት ታትመዋል። ጉዳዩ የፈረንጅ አገር ብቻ አለመሆኑን እነሱ ያሳያሉ።

አቅርቦቱና መንገዱ

የመንግሥት መድኃኒት ወደ ወለጋ የሚደርሰው በኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የነቀምቴ ቅርንጫፍ በኩል ነው። ከዚያ በጤና ተቋማት ይከፋፈላል። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባላቱን ከሕክምና ወጪ ብዙ አቅልሏል። ሆኖም የታዘዘው መድኃኒት በጤና ጣቢያው ካልተገኘ ገዢው ወደ ግል መደብር መሄዱ አይቀርም፤ እዚያ ደግሞ የሚከፈለው ከኪስ ነው።

የግል መደብሩ ዋጋ ከዶላር ጋር የተያያዘ ነው። አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዋጋ ሲወጣ ገዢው የሚያደርገው ሦስት ነገር ነው። የሁለት ሳምንቱን ለአንድ ወር ያዳርሳል፣ አንዱን ክኒን ለሁለት ይከፍላል፣ ወይም ወደ ርካሹ ይዞራል። ከዚያም አልፎ ባልና ሚስት አንዱን ማዘዣ ለሁለት ይጋሩታል። ሐኪሙ ግን ይህን ስለማያውቅ ግፊቱ አልወረደም ብሎ መጠኑን ይጨምራል። አንድ ቀን ልጅ ገንዘብ ልኮ መድኃኒቱ በሙሉ ሲገዛና በሙሉ ሲዋጥ አዛውንቱ ይወድቃሉ።

መንገዱም ሌላ ጣጣ ነው። ጊምቢ ከአዲስ አበባ 440 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ደምቢ ዶሎ ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በአካባቢው በተካሄደው የትጥቅ ግጭት መንገድ በተዘጋባቸው ጊዜያት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የመጀመሪያ ሦስት ወራት እንደሆነውም ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ ከሕመሙ ጋር የሚኖረው አረጋዊ መድኃኒቱን ማጣት ብቻ አይደለም የሚደርስበት። በእነዚያ ወራት ይከሳል፣ ይደክማል። መንገድ ሲከፈት የድሮውን ማዘዣ በድሮው መጠን ይጀምራል። ሰውነቱ ግን የድሮው አይደለም።

አምራቹም ይቀያየራል። ባለፈው ወር ነጭና ክብ የነበረው ኢናላፕሪል በዚህ ወር ሮዝና ሞላላ ሆኖ ይመጣል። የቀረው ነጭ ስላለ ሁለቱም ይዋጣሉ፤ አንድ መድኃኒት መሆናቸውን የነገራቸው የለምና።

የቋንቋውም ነገር መታሰብ አለበት። በካርቶኑ ውስጥ ያለው መመሪያ እንግሊዝኛ ነው። በወለጋ የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ሲሆን ወጣቱ የሚጽፈውና የሚያነበው በቁቤ ነው። በንጉሡና በደርግ ዘመን ትምህርት ቤት የገቡ አዛውንት የሚያነቡት ደግሞ ካነበቡ በአማርኛ ፊደል ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ጭራሽ አያነቡም፤ የሚያነቡትም ዓይናቸው ሞራ ለብሶ ይሆናል። በፖስታው ላይ «1×3» ተብሎ የሚጻፈውን አንዱ በቀን ሦስት ጊዜ አንዳንድ፣ ሌላው ሦስቱን በአንዴ ብሎ ሊረዳው ይችላል።

ሂሳቡ ሲወራረድ

የግሊቤንክላማይድንና የግሊክላዛይድን የዋጋ ልዩነት ገዢው በመደርደሪያው ፊት ቆሞ ያየዋል። የማያየው የቀረውን ሂሳብ ነው። ስኳር ወርዶባቸው የወደቁ እናት የጭን አጥንታቸው ቢሰበር ከጊምቢ ወይም ከነጆ እስከ ነቀምቴ፣ ሲብስም እስከ አዲስ አበባ የመኪና ኪራይ አለ። የአስታማሚ ማደሪያና ምግብ አለ። አደጋው የደረሰው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት የቡና ለቀማ ወራት ከሆነ ደግሞ አስታማሚ ሆና የተቀመጠችው ልጅ ወይም ምራት የምትለቅመው ቡና መሬት ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ እናቲቱ ቆመው ላይሄዱ ይችላሉ። በክኒኑ ላይ የተቆጠበው ሣንቲም በዚህ ሁሉ ሲካፈል ቁጠባ አይባልም።

ለሻጩም ቢሆን ሂሳቡ አለው። ደንበኛ በብዛት ገዝቶ አንድ ቀን የሚያልቅበት ንግድና፣ ደንበኛ አሥር ዓመት የሚመላለስበት ንግድ አንድ አይደሉም። በሀገራችን የፋርማሲ ትምህርት ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ከመደርደሪያው ወደ ሕመምተኛው ፊቱን አዙሯል፤ በነቀምቴ ያለው የወለጋ ዩኒቨርሲቲም ፋርማሲስቶችን ያስተምራል። ስለዚህ ዕውቀቱ በከተማው የለም ማለት አይቻልም። የጎደለው ለጥያቄ የሚሰጠው ሁለት ደቂቃ ነው።

ገዢና ሻጭ ምን ያድርጉ?

ገዢ ቢያንስ ይህን ቢያደርግ ይጠቀማል። በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የሐኪሙንም፣ ከገበያ የተገዛውንም፣ ከውጭ የተላከውንም፣ የባህሉንም ሳይቀር በአንድ ፌስታል ጠቅልሎ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት ያሳይ። አዛውንቱ ክብደታቸውን ይመዘኑ፤ በቤት ሚዛን ከሌለ የቡና ወይም የእህል ሚዛን አይጠፋም። የአሁኑ ኪሎ ከአምናው ጋር ይነጻጸር። ከመጨረሻው ማዘዣ በኋላ ከከሱ ለሐኪሙ ይነገረው። የግፊት መለኪያ ባለበት ቦታ ሁሉ «እባክዎ ቆመው ደግመው ይለኩልን» ይባል። የስኳር ክኒን የሚወስዱ ከሆነ በጾም፣ በመንገድና በሕመም ቀን ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ሻጩ ደግሞ «ለማን ነው?» ብሎ ይጀምር። አዛውንቱ ራሳቸው ከመጡም «አባባ፣ ዛሬ ምን ቀመሱ? ሌላ የሚወስዱት ክኒን አለ? በቅርቡ ወድቀዋል?» ማለት ገበያ አያስፈታም። «ኦቦ» ወይም «አዴ» ብሎ በሚገባቸው ቋንቋ ማስረዳት፣ ያስረዳውን መልሰው እንዲነግሩት ማድረግ፣ በፖስታው ላይ በ«1×3» ፈንታ የፀሐይና የጨረቃ ምልክት መሣል ወጪ የለውም። የክኒኑ መልክ ከተቀየረ «ይህ ያው የድሮው ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳይወስዱ» ማለት ሕይወት ያድናል። ለቁርጥማት የመጣን ሽማግሌ ዲክሎፌናክ ከመስጠት በፊት ፓራሲታሞልን ማስቀደም፣ ክብደታቸው ከ50 ኪሎ በታች ከሆነም የቀኑን መጠን መቀነስ እንደሚያስፈልግ ማወቅ የሙያው ግዴታ ነው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ መታወቅ አለበት። ይህን ያነበበ ሰው የአባቱን መድኃኒት በገዛ ሥልጣኑ አያቁም። የግፊት፣ የልብና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ ስቴሮይድ የሚባሉትም፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ዲያዜፓምም ሳይቀር፣ በድንገት ሲቆሙ ራሳቸው አደጋ ያመጣሉ። መቀነስም እንደ መጀመር ሁሉ በሐኪም ምክር፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ተብሎ የሚደረግ ሥራ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 «መድኃኒት ያለ ጉዳት» የሚል ዘመቻ ሲጀምር አንዱ ትኩረቱ ብዙ መድኃኒት በአንድ ላይ መውሰድ ነበር። የዘመቻው መልእክት የወለጋ ገበሬ ከጥንት የሚያውቀው ነው። ማርም ሲበዛ ይመራል። ለደከሙ ወላጅ ከገበያ የሚወሰደው ነገር ሁሉ ክኒን መሆን የለበትም። እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ ባቄላው፣ አጥንት ይጠግናል እየተባለ የሚመሰገነው አንጮቴም ከዚያው ገበያ ይገኛል። ከበሉ በኋላ ከቤት እስከ ደጅ የሚደረገው የዕለት እርምጃም በነጻ ነው። ክኒኑ ሲያስፈልግ ይገዛ፤ ሲገዛ ግን የሚውጠው ሰው ይታይ።